ቀዩ መስመር ያለበት ቆርቆሮ

ጥቅምት 4

«ጋሼ፣ ፓውደሩ እንከን አይወጣለትም። ቆርቆሮው ግን የጭርት መድኃኒት ይመስላል። የትኛዋም ሴት ይህን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰው ፊት አትከፍተውም። በርካሽ ዕቃ ላይ ደግሞ ማሸጊያው የዕቃው ግማሽ ነው።»

ለሚጣ፣ ለእናቴ አጎት የልጅ ልጅ፣

ከላይ የሰፈረው ቃል በቃል ያንቺ ነው። መስከረም 12 ቀን በጻፍሽልኝ ደብዳቤ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከላይ አራተኛው መስመር ላይ ይገኛል። ከሰላምታው በፊት ያስቀደምኩት ወግ ጠፍቶብኝ አይደለም። ሰላምታዬ ይኸው፦ እንደምን ከረምሽ? ቀኑን ሙሉ የሚቆመው እግርሽ አይዛል፣ ዓይንሽ ጥቃቅን ጽሑፍ ከማንበብ አይቦዝን። እኛ ደህና ነን።

አሁን ወደ ነገሬ። ይህን ፓውደር ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በመድኃኒት ቤቴ የኋላ ክፍል በእጄ ቀምሜዋለሁ። ታልኩን፣ ነጩን ዱቄት፣ ሁለት ጊዜ፣ ቀለም የሚሰጠውን የብረት ኦክሳይድ ሦስት ጊዜ በወንፊት አሳልፋለሁ። አራት ዓይነት ቀለም አለው፤ ሦስተኛው ያንቺ ነው። በእያንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። ወረቀቱ ላይ ምን ምን እንደገባበት፣ ስንት ስንት ግራም እንደሆነና የተቀመመበት ቀን ይጻፋል። ከሥሩ በማስመሪያ የተሰመረ ወፍራም ቀይ መስመር አለ፤ ከመስመሩ በታች ደግሞ «ለመቀባት ብቻ፤ አይዋጥም» ይላል። የምትገዛው ሴት ፊቷ ላይ ምን እንደምታደርግ የማወቅ መብት አላት። ይህን መብት ከኔ በቀር የሚሰጣት ካለ ስሙን ጻፊልኝ።

ቆርቆሮው የቅባት ቆርቆሮ መሆኑን አልክድም። የጭርት ቅባትም የምሸጠው በዚሁ ነው። ቆርቆሮ ቆርቆሮ ነው፤ ሳይታጠብ የተሞላ አንድም የለም።

ባለሽበት አገር በአንድ ትልቅ መድኃኒት ቤት የርካሽ ሜካፕ መደርደሪያ ኃላፊ ሆነሽ ዘጠኝ ዓመት መሥራትሽን አውቃለሁ። ኮርቼብሻለሁ፤ ለሰውም አውርቻለሁ። ነገር ግን ዕቃ መደርደር ሌላ፣ ዕቃ ማወቅ ሌላ ነው። አንቺ ከሁሉም ሰው በላይ ይህን ማወቅ የነበረብሽ ሰው ነሽ፤ ለምን እንደሆነ ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ «የጭርት መድኃኒት ይመስላል» የሚለውን አነጋገር እስከ ኅዳር 15 ቀን ድረስ በጽሑፍ እንድታነሺ እጠይቃለሁ። እንዳትደውዪ። በስልክ የተባለ ነገር አልተባለም።

ዘመድሽ


ኅዳር 9

ለጋሼ፣

እጅህ አይንቀጥቀጥ፣ ወንፊትህ አይቀደድ፣ ዕድሜህ እንደ ደብዳቤህ ይርዘም። ደብዳቤህን አውቶቡስ ውስጥ ሳነበው ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳቸውን ጠበቅ አደረጉ። ዘመዱ ሁሉ ከጀርባህ «ሚዛን» እንደሚልህ ታውቃለህ አይደል? ካላወቅክ እኔ አልነገርኩህም።

ያልኩትን አላነሳም፣ ጋሼ። ይልቅ እኔ የማየውን ላሳይህ።

አንዲት ሴት ወደ መደርደሪያዬ ስትመጣ ወረቀት አታነብም። ታነሳለች፣ መዳፏ ላይ አድርጋ ክብደቱን ታያለች፣ ክዳኑን ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች። «ቀጭ» ካለ ትይዘዋለች። ላላ ካለ ትመልሰዋለች፣ ያውም የተሳሳተ ቦታ፤ ከዚያ እኔ ስለቅም እውላለሁ። ሞኝ ስለሆነች እንዳይመስልህ። ሀብታሟ ሴት ያረጀ ቆርቆሮ ከቦርሳዋ ብታወጣ ሰው «የታወቀ ነገር ቢሆን ነው» ይላታል። የእኔዋ ደንበኛ ግን ርካሽ የምትገዛው ሌላ መግዛት ስለማትችል ነው፤ ያንን ደግሞ የሥራ ባልደረቦቿ እንዲያውቁባት አትፈልግም። ርካሽነቱን የሚሸፍንላት ክዳኑ ብቻ ነው።

አንዲት የአውቶቡስ ሹፌር ደንበኛ አለችኝ። በየወሩ ያንኑ ፓውደር ትገዛለች። የክዳኑ ማጠፊያ ሦስት ሳምንት አይቆይም፤ እሷም ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ። «አንቺ፣ ይሄ ነገር እኮ ከባሌ ቀድሞ ነው የሚሰበረው» ትለኛለች። ግን እየሳቀች ትገዛዋለች። ቀይ መብራት ላይ ቆማ ስትከፍተው ተሳፋሪው ሁሉ እንደሚያያት ነግራኛለች። ለሷ ያቺ ደቂቃ ዋጋ አላት።

አሁን የኔ ጥያቄ። የላክህልኝ ፓውደር አልቋል። ከሦስተኛው ቀለም ሁለት ቆርቆሮ ላክልኝ፤ ወረቀቱን ግን አትለጥፍበት። ቆርቆሮውን እንዲሁ ባዶውን፣ ያለ ጽሑፍ፣ ያለ መስመር። ለምን አትበለኝ። አንድ ጊዜ እንኳን ሳትጠይቅ አድርግልኝ።

ሚጣ (በአርባ አምስት ዓመቴም)


ኅዳር 28

ለሚጣ፣

ጤናው እንዳይለይሽ፣ ያ አውቶቡስም በሰላም ያመላልስሽ። «ሚዛን» መባሌን ከዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ጀምሮ አውቃለሁ። ስድብ መሆኑን ያስረዳኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።

ማስተባበያው አልደረሰኝም። ኅዳር 15 አለፈ። ይህ ተመዝግቧል።

የጠየቅሽኝን አላደርግም። ወረቀት ያልተለጠፈበት ዕቃ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም፣ አይወጣምም። ሁለቱ ቆርቆሮዎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብረው መጥተውልሻል፤ ወረቀታቸውም፣ ቀኑም፣ መስመሩም እላያቸው ላይ ነው።

ያቺን ወርቃማ ክዳን ረሳሻት ማለት ነው? እኔ አልረሳኋትም። አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነበር። ያቺን የፊት ቅባት ከሰፈር ሱቅ ገዛሻት፤ ርካሽ ነበረች፣ ካርቶኗ በሐር ክር ታስሮ ነበር፣ ክዳኗ ሲከፈት ያንቺው «ቀጭ» ነበረው። ፊት ታቀላለች ተብሎ ስድስት ሳምንት ተቀባሻት። ከዚያ እናትሽ ፊትሽን በነጠላ ሸፍና ወደኔ ይዛሽ መጣች። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሦስት ዓመቴ ነበር። ካርቶኑን አገላብጬ አየሁት። ምን እንዳለበት የሚል አንድ ቃል የለም። ቀን የለም። የሠራው ሰው የለም። የጽጌረዳ ሥዕል ግን ነበረበት። ከቅባቱ ጥቂት ወስጄ በአሲድ አሟሟሁት፣ የመዳብ ቁራጭ ነከርኩበት። መዳቡ ሲወጣ ብር መስሏል። ሜርኩሪ ነበር፤ ቆዳ የሚበላ መርዝ። እናትሽ ያንን ቁራጭ አይታ «ያምራል» አለች፤ ምን እንደሆነ እስክነግራት ድረስ።

ጉንጮችሽ ላይ የቀረውን ጥቁር ምልክት እኔ ማጥፋት አልቻልኩም። የቻልኩት የሚሸፍነውን መቀመም ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ሙከራ እስከ ሦስተኛው ቀለም አሥራ አንድ ወር ፈጀብኝ። ሌሎቹ ሦስት ቀለሞች በኋላ የመጡ ናቸው፤ ሌሎቹ ገዢዎችም እንደዚያው። ይህ ፓውደር መጀመሪያ የተሠራው ለአንድ ፊት ነው። እና አሁን ያ ፊት ተነስቶ ወረቀቱን አንሳልኝ ይለኛል።

ቢሆንም የተማርኩት በመረጃ እንዳምን ነው። ማሸጊያ ለውጥ ያመጣል ትያለሽ። እፈትነዋለሁ፤ ውጤቱንም፣ ቢያኮራኝም ቢያሳፍረኝም፣ እጽፍልሻለሁ። አንቺ ደግሞ ያለ ወረቀት ለምን እንደፈለግሽ እስከ ታኅሣሥ 25 ቁርጡን በጽሑፍ አስረጂኝ።

ዘመድሽ


ጥር 14

ለጋሼ፣

ቤትህ በጤና ይክረም። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ወረቀቱንም ይቅር በለኝ፣ ያገኘሁት የዕቃ መረከቢያ ጀርባ ነው።

ሁለቱ ቆርቆሮዎች ደርሰውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ከእንግዲህ ግን አትላክ። ሌላ ነገር ጀምሬያለሁ፣ ከዚሁ ከኛው መድኃኒት ቤት። ስላንተ ፓውደር የምለው ክፉ ነገር የለኝም።

መደርደሪያውን ሌላ ሰው ይዞታል። እኔ ለጊዜው መጋዘን ነኝ። ካርቶን መክፈት፣ መቁጠር፣ ወደ ፊት መላክ ነው ሥራው። ጸጥ ይላል። ማንም ሰው አያይህም። አልጠላሁትም።

ሁሉንም ሳምልኝ። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።

ሚጣ


የካቲት 3

ለሚጣ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ለጉልበትሽም፤ ካርቶን ከባድ ነው።

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። አጭር ነው፣ ቀልድ የለበትም፣ ሰው አይሰድብም። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ሳትሰድቢኝ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ይህ የመጀመሪያው ነው። «አልጠላሁትም» ትያለሽ። ሃያ ዓመት ሲሞላሽ በዚህ መድኃኒት ቤት የፊት ለፊት ባንኮኒ ላይ እጅሽን ዘርግተሽ «እኔ ከኋላ ክፍል የምገባ ሰው አይደለሁም፣ ሰው ሊያየኝ ይገባል» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ያኔ ምልክቱ ከዛሬው ይልቅ ይጎላ ነበር። ስለዚህ «አልጠላሁትም» የሚለውን አልተቀበልኩትም።

ነገር ግን ቃል የገባሁትን ላስቀድም።

ከኮስሞቲክስ ሱቅ መስታወት ያለው የፓውደር መያዣ ገዛሁ። ውስጡ የነበረውን ደፋሁት፤ በአልኮል አጥቤ የራሴን ፓውደር ሞላሁበት። ከዚያው ቅመማ፣ በዚያው ቀን የተቀመመውን ነው ቆርቆሮውም የያዘው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ መድኃኒት ቤቱ የመጡ ስድሳ ሴቶችን ፈቃድ ጠይቄ፣ በግራ እጃቸው ጀርባ ከቆርቆሮው፣ በቀኝ እጃቸው ጀርባ ከመያዣው ቀባኋቸው። የቱ ይለሰልሳል ብዬ ጠየቅኳቸው። አንድ ዓይነት ፓውደር መሆኑን አልነገርኳቸውም።

አርባ አራቱ የመያዣው ይለሰልሳል አሉ። ዘጠኙ ልዩነት የለውም አሉ። ሰባቱ ቆርቆሮውን መረጡ። በሰባቱ ደስ ብሎኝ ስመዘግብ ገንዘብ ተቀባይዋ «አራቱ እኮ የእርስዎ ዘመዶች ናቸው» አለችኝ። ከአርባ አራቱ አንዷ፣ መምህርት ነኝ ያለች ሴት፣ ቆርቆሮውን በሁለት ጣቷ ይዛ ይሄኛው ለእግር ጣት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም ብዬ አስረዳኋት። ጨርሳ እስክትሰማ እጇን በመሐረብ ጠርጋ ነበር።

ተናደድኩ። አገሩን ሁሉ ጽጌረዳ አሳውሮታል ብዬ ጮህኩ። ይኼኔ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ከኔ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የሠራችው፣ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ጥቁር መያዣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ይክፈቱት አለችኝ። ከፈትኩት። ውስጡ የኔ ፓውደር ነበር፤ ሁለተኛው ቀለም። በየወሩ ቆርቆሮ ትወስዳለች፣ ቤቷ ስትገባ ወደዚያ ትገለብጠዋለች፣ ቆርቆሮውን ትጥለዋለች። አሥራ አንድ ዓመት! ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ ምን ብዬ ልንገርዎ አለችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ቆርቆሮዎን ከፍቼ ፊቴን ስነካካ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ተነስቶ ቆመ። ባዶ ወንበር እያለ፣ እኔ እስክወርድ ድረስ ቆሞ ሄደ።»

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ያንቺን ደብዳቤዎች በሙሉ አውጥቼ በቀናቸው ደረደርኳቸው። መስከረም፦ ቆርቆሮው የጭርት መድኃኒት ይመስላል። ኅዳር፦ ያለ ወረቀት፣ ያለ መስመር ላክልኝ። ጥር፦ አትላክ፣ መጋዘን ነኝ፣ ማንም አያይህም። በመሐል የጎደለ ነገር አለ።

አንቺ አጠገብስ ማን ተነስቶ ቆመ? እስከ የካቲት 25 እጠብቃለሁ።

ዘመድሽ


የካቲት 22

ለጋሼ፣

ሰላምታውን እንደተቀበልክ ቁጠርልኝ። ዛሬ ምርቃት አይወጣኝም።

የሠራተኞች ማረፊያ ክፍላችን አንድ ረጅም ጠረጴዛና ስምንት ወንበር አለው፤ ግድግዳው ላይ ትንሽ መታጠቢያ፣ ከመታጠቢያው በላይ መስታወት። እኔ ሁልጊዜ የመሐለኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። ምሳ በልቼ ስጨርስ ቆርቆሮህን አውጥቼ ፊቴን አድሳለሁ። ለዓመታት ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም።

ነሐሴ ላይ አዲስ ልጅ ተቀጠረች፣ የቆዳ መድኃኒት መደርደሪያው ላይ። እዚያ መደርደሪያ ላይ የሚሸጥ የጭርት ቅባት አለ። ነጭ ክብ ቆርቆሮ ነው፤ መጠኑ ያንተን ያህል፣ ወረቀቱ ላይ ቀይ መስመር ያለበት። ጽሑፍህን ማንበብ አትችልም እኮ፣ ጋሼ። መስመሩን ግን አነበበችው። ለኔ ምንም አላለችኝም። መስከረም መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን የረሳሁትን ልወስድ ስመለስ የተነሳሁበትን ወንበር በፈሳሽ ስትወለውል ደረስኩ። ፈገግ አለችልኝ። እኔም ፈገግ አልኩላት፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ከሳምንት በኋላ ላንተ ጻፍኩልህ።

ከዚያ ኩባያዬ ከሌሎቹ ተለይቶ መስኮቱ ላይ መቀመጥ ጀመረ። ከዚያ ታኅሣሥ ላይ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ቁጡ ሰው አይደለም፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃ ይቅረብልሽ ወይ አለኝ። ደንበኞች ሊፕስቲክና ፓውደር ከእጅሽ ወስደው ፊታቸው ላይ ስለሚሞክሩ ለጊዜው መጋዘን ብትሆኚ ለሁላችንም ይቀላል አለኝ። የሐኪም ወረቀት ካመጣሁ ይታያል አለ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጉንጬን አየና ይሄማ የድሮ ጠባሳ ነው፣ ማንንም አይዝም አለኝ። ሁለት መስመር ጻፈልኝ። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አልሰጠሁትም፤ አልሰጠውምም። የፊቴን የምስክር ወረቀት ይዤ አልዞርም። ሌሎቹ ሰባት ሠራተኞች ፊታቸው ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት አምጡ ተብለዋል?

የጀመርኩት ሌላው ፓውደር ሮዝ መያዣ አለው፣ ጽጌረዳም አለበት። ለቆዳዬ የሚሆን ቀለም የለውም፤ ፊቴ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ክዳኑ ግን «ቀጭ» ይላል።

አሁን ደግሞ ያናደድከኝን ልንገርህ። ፓውደርህን እወደዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እወደዋለሁ። ለዚህ ነው «እንከን አይወጣለትም» ብዬ የጀመርኩልህ። ሳልነግርህ ይገባሃል ብዬ ነበር። ሚዛን አይደለህ? አንተ ግን ገጽና መስመር ቆጥረህ ማስተባበያ ጠየቅከኝ። መስመሩን አንሳልኝ ብልህ፣ ቆርቆሮህ መስመሩን ይዞ መጣልኝ። ወርቃማዋን ክዳን ረሳሽ ወይ ትለኛለህ። ጋሼ፣ በየማለዳው መስታወት ፊት አገኛታለሁ። ያቺ ክዳን ፊቴን በላችው፤ ያንተ ቆርቆሮ ደግሞ ወንበሬን ወሰደብኝ። ሁለታችሁም እኔን አልጠየቃችሁኝም።

ለሥራ አስኪያጁ እንዳትጽፍ። ብዕርህን እንዳነሳህ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። አስቀምጠው።

ሚጣ


መጋቢት 12

ለሚጣ፣

ዛሬ ሰላምታውን አስቀድሜያለሁ። እንደምን አለሽ? ጀርባሽ ቀጥ ብሎ ይዋል፣ ፊትሽም ለፈለግሽው ሰው ብቻ መልስ ይስጥ። ምርቃት አይወጣኝም ስላልሽ የሁለታችንንም እኔ ጽፌዋለሁ።

ጥቅምት 4 ቀን የጠየቅኩትን ማስተባበያ ሰርዣለሁ። ማስተባበያ የሚገባው ከኔ ነው፤ ይኸው በጽሑፍ፦ «ቆርቆሮው የጭርት መድኃኒት ይመስላል።» ቃሉ ያንቺ ነው፣ ፊርማው የኔ ነው።

ስለ መስመሩ ደግሞ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት የሙያችንን ደንብ መጽሐፍ አውርጄ ከዳር እስከ ዳር ፈተሽኩት። ቀይ መስመር የሚታዘዘው በሚታሹ ፈሳሾችና ሰው ተሳስቶ ሊውጣቸው በሚችሉ መድኃኒቶች ላይ ነው። ፊት በሚቀባ ፓውደር ላይ ይደረግ የሚል አንድም አንቀጽ የለም። ማንም ሳያዘኝ፣ ሃያ ሰባት ዓመት፣ በማስመሪያ አሰመርኩት። የእጅ ልማድ ነበር፤ እኔ ግን ሕግ ነው እል ነበር። ስህተቱ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው።

ይህን ብዬ ግን ሁሉን እንዳስረከብኩ አትቁጠሪ። ማሸጊያው የዕቃው ግማሽ ነው ያልሽውን ዛሬም አልቀበልም። ክዳን ፓውደሩን በአንድ ግራም አያሻሽለውም፤ አርባ አራት ሳይሆን አራት ሺህ ሴት ብትመሰክር ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ያልገባኝ ሌላ ነገር ነበር። ክዳኑ የሚሠራው ፓውደሩ ላይ አይደለም፣ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ላይ ነው። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት የቆዳን ነገር ስመረምር አጠገብ የሚቀመጠውን ሰው አንድ ቀን አልመረመርኩትም።

ከዚህ ጋር አንድ መያዣ መጥቶልሻል። ጥቁር ነው፤ ወርቅ የለበትም፣ ጽጌረዳ የለበትም፣ በዚህ አልደራደርም። አምስት ዓይነት አስመጥቼ እያንዳንዱን አንድ ሺህ ጊዜ ከፍቼ ዘግቻለሁ። ቆጣሪዋ ገንዘብ ተቀባይዋ ነበረች፤ በሁለተኛው ቀን ሥራ እለቃለሁ ብላኝ ነበር። ሦስቱ አራት መቶ ሳይደርሱ ተሰበሩ። አራተኛው ላላ። ይሄኛው ሺሁንም ጨረሰ፤ አሁንም «ቀጭ» ይላል፣ ያውም ጮክ ብሎ። ለአውቶቡስ ሹፌሯም አንድ ጨምሬያለሁ፤ ከባሏ እንዲበልጥላት። ምን እንደገባበትና የተቀመመበት ቀን ከታች፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል። እሱን አላነሳም። መስመሩ የለም። ከዛሬ ጀምሮ በመድኃኒት ቤቴም የሚሸጠው በዚህ ነው፤ የቀሩት ቆርቆሮዎች ወደ ጭርቱ ተመልሰዋል።

አሁን ስለ ብዕሩ። ዘግይተሻል። ደብዳቤሽን ሳልጨርስ ተነስቼ ለሥራ አስኪያጅሽ አራት ገጽ ጽፌ ነበር። ፊትሽን አንድም ቦታ ላይ አላነሳሁም፤ በምን ምርመራ፣ በማን ፊርማ ብዬ ነው የጠየቅኩት። አትጻፍ ያልሽበት ጋ ስደርስ ግን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ፊቱ ያንቺ ነው፣ ወንበሩም ያንቺ ነው። ካንቺ ሳልሰማ አልልከውም። አንዴ ሳልጠይቅሽ ሠርቻለሁ፤ ሁለተኛ አይደገምም።

የሐኪሙንም ወረቀት አታሳዪ። ልክ ነሽ። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በደንብ አስቢበት። ወደ መጋዘን ስትገቢ የሰጡሽ ወረቀት አለ? ደብዳቤሽን መልሼ መልሼ አየሁት፤ ወንበር ሰጠኝ ትያለሽ፣ ውሃ ይቅረብልሽ ወይ አለኝ ትያለሽ፣ ወረቀት ሰጠኝ አትይም። ሰውዬው አልጻፈም፣ ሚጣ። የማይጽፈው ለምን እንደሆነ እኔም አንቺም እናውቃለን፤ ሊፈርምበት የሚችል ምክንያት የለውም። ሁላችሁም የምትስቁበት አንድ መመሪያ አለኝ፦ በቃል የተባለ አልተባለም። አሁን ሥራ ላይ አውዪው። መደርደሪያው ዛሬም ያንቺ ነው።

ይህ ከደረሰሽ በኋላ ባለው ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ማረፊያ ክፍሉ ግቢ። የመሐለኛው ወንበር ላይ ተቀመጪ። ኩባያሽን ከመስኮቱ አንስተሽ ከሌሎቹ መሐል አድርጊው። መያዣውን ክፈቺ፣ ሳትቸኩዪ ፊትሽን አድሺ፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርገሽ ዝጊው። ለማንም ምንም አታስረጂ። ከዚያ ተነስተሽ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሂጂና ከመደርደሪያሽ ያነሳሽን ምክንያት በጽሑፍ፣ በፊርማው እንዲሰጥሽ ጠይቂው። ውሃ ልቅዳልሽ ካለሽ አመስግነሽ ጠጪ፤ ወረቀቱን ግን ደግመሽ ጠይቂው። ከጻፈልሽ ላኪልኝ፤ መልሱን አብረን እንጽፋለን። ካልጻፈልሽ ወደ መጋዘኑ ሳይሆን ወደ መደርደሪያሽ ሂጂ።

ማንኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጥሽ፣ አጠገብሽ ማን እንደነበረ፣ ተነስቶ የቆመ እንዳለ፣ ሥራ አስኪያጁም የተናገረውን ቃል በቃል፣ እስከ ግንቦት 10 ቀን በጽሑፍ እንድታሳውቂኝ እጠይቃለሁ። በስልክ አይደለም።

ጋሼ ሚዛን